በሩ የሚያውቀው ትንፋሽ

ወልቂጤ ውስጥ ከነውሻዬ ሊያስገቡኝ የፈቀዱት አከራይ እትዬ ዘነቡ ብቻ ነበሩ።

«በሩ ግን እንደሌላው የኪራይ ቤት በር አይደለም፤ ከሁለት ትንፋሽ በላይ አይቀበልም» አሉኝ። «አንዱ ያንቺ ነው።»

ቦርሳዬ ውስጥ የባሌ የሳህሉ ትንፋሽ የታሸገበት ብልቃጥ አለ። ለሥራ ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ጀምሮ፣ በተከራየሁበት ቤት ሁሉ በሩን ከትንፋሹ ጋር አስተዋውቃለሁ፤ ድንገት ቢመጣ እንዲከፈትለት። ቡቺም የእሱ ውሻ ነው። ውጭ የሚያድር ውሻ ደግሞ ጠዋት አይገኝም።

«ባሌ ከመጣ ከውስጥ እከፍትለታለሁ» አልኩ፣ ብልቃጡን ከቦርሳዬ አውጥቼ።

«በሩ የማያውቀው ሰው ደጅ ከቆመ ከውስጥም አይከፈትም፣ ልጄ።»

ብልቃጡን ወደ ቦርሳዬ መለስኩና የቡቺን አፍንጫ ወደ በሩ አስጠጋሁ። ተነፈሰ። በሩ ተከፈተ።

ቡቺ ገባና፣ ገና ፍራሹን ሳልዘረጋ፣ እንደ ወትሮው ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተኛ። ሳህሉን ይጠብቃል።