የሙዚ ወንበር

«ቶኮ፣ እዚህ ጋ አቁሚ» ይላል አባቴ፣ ባባ።

ከጠዋት ጀምሮ በየመታጠፊያው «ላቁም» ስል የነበርኩት እኔ ነኝ። እሱ «ሰው የሌለበት ፎቶ ምን ይረባል? ተራራው እንደሆነ የትም አይሄድ» እያለ ሲያበሽቀኝ ነው የመጣው። ጉዞውን ያመጣው ግን ራሱ ነው። ቁርስ ሳንጨርስ ብድግ ብሎ፣ «ካሜራሽን ያዢ፣ ካህላምባ ሄደን ተራራ እንይ» አለኝ። ለቀብር ካልሆነ ነዳጅ የማያቃጥል ሰው! በዚያ ሙቀት ደግሞ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ።

እወርዳለሁ። ዝናቡ አሁን ነው ያባራው። ደመናው ከተራራው ወገብ ተገፎ፣ ፀሐይ ገደሉን ብቻ አብርታዋለች። ስንት ዓመት የተመኘሁት ብርሃን ነው። ካሜራዬን አነሳለሁ። ባባ ከፊቴ ይቆማል።

«ባባ፣ ገባህብኝ እኮ! ትንሽ ፈቀቅ በል!»

ኮቱን ከፍቶ የቁርቁራ ቅርንጫፍ ያወጣል። ሸሚዙ ላይ የደም ነጠብጣብ አለ፤ እሾሁን ታቅፎ ነው የመጣው።

የት እንደቆምን አሁን ይገባኛል። ወንድሜ ሙዚ ከሦስት ዓመት በፊት መኪናው ተገልብጣ የሞተው እዚህ ነው። ሥጋውን ቀብረነዋል፤ መንፈሱን ግን መጥቶ የወሰደው የለም። በእኛ ወግ አባት ነው ቅርንጫፍ ይዞ፣ ስሙን ጠርቶ፣ «ና፣ ቤትህ እንሂድ» የሚለው፤ መንፈሱም በቅርንጫፉ አድሮ ይመጣል። ቅርንጫፉን አውጥቶ በእጁ የያዘ ሰው ደግሞ ቤት እስኪደርስ ከሟቹ በቀር ማንንም አያናግርም።

ባባ ግን ከሙዚ ጋር ተኳርፎ ነበር። ሙዚ ትምህርቱን ትቶ ታክሲ መንዳት ሲጀምር፣ «ከዛሬ በኋላ አላናግርህም» አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገረውም። ሙዚ የሞተው እንዲሁ እንደተኮራረፉ ነው። እናቴ «ልጄ መንገድ ላይ ቀረ» እያለች ባባን ስትለምነው ኖራለች።

ባባ ቅርንጫፉን መሬት ያስነካል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። እኔ ልናገርለት አልችልም። እሱ ካልጠራው ሙዚ እዚሁ ሊቀር ነው። እፈራለሁ።

«ሙዚ» ይላል በመጨረሻ። ከዚያ እንደ ድሮው በቁጣ፣ «ተነስ እንጂ! እናትህን ስንት ዓመት ታስጠብቃታለህ?» ድምፁ ይሰበራል። «እኔ ነኝ ያስጠበቅኳት። ና፣ ልጄ።»

ሮጬ ከኋላ ወንበር ላይ የካሜራ ቦርሳዬንና ማቆሚያውን አነሳለሁ፤ ወንበሩን በእጄ እጠርጋለሁ። ባባ ቅርንጫፉን ይዞ ከኋላ ይገባል። ለሙዚ ቦታ ትቶ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ፣ «ሙዚ፣ ቱጌላን እየተሻገርን ነው» ይለዋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «በግራህ ተራራው ይታያል። እህትህ ቅድም ልታነሳው ስትል ገባሁባት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

በመስታወቱ አየዋለሁ። ቅርንጫፉን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ይዞታል።