ማንም አልጠየቀንም

ቤሪል ኦርመሮድ የሆስፒታሉ ስብሰባ ላይ የደረሰችው አርፍዳ ነው። ፌርማታው ላይ ቀድማ የቆመችው እሷ ነበረች። የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት መጣች፣ አሳለፈቻት፤ ተማሪዎች መጡ፣ አሳለፈቻቸው። ከዚያ አውቶቡሱ ሞላና ጥሏት ሄደ። በሚቀጥለው መጣች፣ እርጥብ ጃንጥላዋን ይዛ፣ ፊቷን አጥቁራ።

ንዴቷ ግን የአውቶቡስ አልነበረም። ባሏ ክሊፎርድ በዚሁ በላንክሻየር ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል መጠበቂያ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው የሞተው። ከቀብሩ በኋላ ሆስፒታሉ የታካሚዎች ድምፅ የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች ይፈልጋል ሲባል ሰማችና ተመዘገበች። በየወሩ ከሐኪሞቹ ጋር ተቀምጣ፣ ወረፋ ጠባቂው ምን እንደሚደርስበት ትነግራቸዋለች። የምትነግራቸው ግን ሁሌም ያንኑ ነው።

"ማንም አልጠየቀንም። ያን ሁሉ ሰዓት ተቀምጠን፣ ምን ሆናችሁ ያለን ሰው የለም። ቃለ ጉባኤው ላይ ይያዝልኝ።"

ሰብሳቢው ዶክተር ናዚርም "እናየዋለን፣ ወይዘሮ ቤሪል" ይላታል፤ ከዚያ ሰዓት ያልቃል። ይህች "እናየዋለን" አንጀቷን አቃጥላታለች።

ሻይ የምታድለው ማቪስ፣ እሷም በጎ ፈቃደኛ ናት፣ ጋሪዋን እየገፋች መጀመሪያ ወደ እሷ መጣች።

"እንኪ ቤሪል፣ አንቺ ቅደሚ። ውሃ ሆነሽ የለም እንዴ?"

"እኔ ምን እሆናለሁ፣ ማቪስ፤ እነሱን አስቀድሚ።"

ተራዋ ሲደርስ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፣ ከብስኩቱም የቀረው ስብርባሪው ነው። እሱኑ ጠጣችው።

ከጠረጴዛው ማዶ ጃኒን ተቀምጣለች፤ በዚያ ቀን መጠበቂያው ላይ ተረኛ የነበረችው ነርስ። ቤሪል ካመለከተችባት ወዲህ ከታካሚ አርቀው ዕቃ ግምጃ ቤት አስገብተዋታል፤ ጓንት ስትቆጥር ትውላለች። ጉዳዩ ዛሬ እልባት ያገኛል ተብሏል። ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ትሰናበታለች። ቤሪልም የመጣችው ይህን ለማየት ነው።

"ጠይቄያቸዋለሁ ብላለች አሉ" አለች ቤሪል፣ ጃኒንን ሳታያት። "ውሸቷን ነው። እኔ እዚያው ነበርኩ። ከፊታችን አንድ ሕፃን ያለቅስ ነበር፣ እሱን እንኳ አልረሳሁም። ከጠየቀችኝ ይሄን እረሳለሁ?"

ጃኒን አፏን ከፈተች። ዶክተር ናዚር እጁን ቀስ ብሎ አነሳባት፤ ዘጋችው።

ቤሪል ይህን አየች። እዩልኝ፣ አለች በሆዷ፣ እርስ በርስ ሲሸፋፈኑ።

"ለምን ታፍናታለህ፣ ዶክተር? ትናገራ። እኔ እንደሆንኩ ዛሬ ካልተወሰነልኝ በቀጥታ ጋዜጠኛ ጋ ነው የምሄደው።"

ዶክተር ናዚር መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። "ይህ ነገር ለማንም አይበጅም ብዬ ነበር እኮ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ለእናንተ ነዋ የማይበጀው።"

ድንገተኛ ክፍሉ አንድ ልማድ አለው። ነገር ሲያከራክር በአፍ አይሟገቱም፤ ቦታው ላይ ወርደው ነገሩን እንደነበረው ደግመው ይሠሩታል። ዶክተሩ ይህን ላለማድረግ ወራት ሙሉ ሲሸሽ ቆይቶ፣ አሁን ተነሳ።

"እሺ። እንውረድ።"

ቀለም ሊቀባ የተዘጋውን የድሮውን መጠበቂያ አስከፈቱ። በሽተኛ በአልጋ የሚያመላልሰው ስታን ክሊፎርድን ሆነ። ማቪስ ነርሶች የሚለማመዱበትን የሕፃን አሻንጉሊት ታቅፋ ከፊታቸው ተቀመጠች፤ ሆዱን ሲጫኑት የሚያለቅስ ነው። ሌሎቹም ወንበሩን ሞሉት። ቤሪል ራሷን ሆና ተቀመጠች። ደስ ብሏታል። አሁን በዓይናቸው ያያሉ።

"እጄን ደረቴ ላይ ላድርግ?" አላት ስታን።

"አይ፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ክሊፎርድ ሰው ማስቸገር አይወድም ነበር።"

ማቪስ አሻንጉሊቱን ተጫነችው። ጩኸቱ አዳራሹን ሞላው። ቤሪል ወደዚያው ዞረች። ወንበሩ ያው ቀዝቃዛው ወንበር ነው። ክንዷ ከጎኗ የተቀመጠውን ሰው ክንድ ነካው። ለአፍታ ያ ቀን ሆነባት።

ጃኒን በበሩ ገባች። በወንበሮቹ መካከል እያየች መጥታ፣ አጠገባቸው ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ አለች።

"ወይዘሮ፣ የባለቤትዎ ፊት አላማረኝም። እሳቸውን ላስቀድም?"

"እኛ ምን እንሆናለን፣ የኔ ልጅ" አለች ቤሪል፣ ዓይኗን ከሚያለቅሰው አሻንጉሊት ሳትነቅል፤ "እነሱን አስቀድሚ።"