የቀላው ብርጭቆ

ዛሬ ጠዋት ባሌ ምንተስኖት አፉን ተጉመጥምጦ የተፋበት ብርጭቆ ደም መሰለ።

የጠዋቱ መጉመጥመጫ የሚቀላው ጥርስ የሚያበሰብስ ጀርም ሲያገኝ ነው፤ በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ብርጭቆው አይቀላም። በተወለድን በሳምንታችን፣ ስኳር ቢያገኝ እንኳ አሲድ የማይሠራ ጀርም አፋችን ውስጥ ስለሚዘሩልን የጥርስ መበስበስ ቀርቷል። ጥርስ የሚበላው የድሮው ጀርም የሚመጣው ከሌላ ሰው ምራቅ ብቻ ነው። ከእኔ ደግሞ አልመጣም፤ የእኔ ብርጭቆ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው።

«ማን ናት?» አልኩት።

«የቷ?»

«አታድርቀኝ! ማንን ስመህ ነው?»

ፎጣውን ፊቱ ላይ ትንሽ አቆየው። «እማዬ ናት። ትናንት ልጠይቃት ብሄድ ድፎ ዳቦ ማር እያስነካች አጎረሰችኝ። ጣቷን እየላሰች ነበር፤ ግን እንቢ ማለት አቃተኝ።»

አማቴ እማማ ወርቅያንሹ አዲሱ ጀርም ሳይፈለሰፍ የተወለዱ የሰማንያ ዓመት ሴት ናቸው። ይህን ስሰማ እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ጭራሽ ባሰብኝ። እኛ ለጥንቃቄ ብለን በሠርጋችን ቀን እንኳ ኬኩን የተጎራረስነው በሹካ ነው።

«ስንቴ አጎረሱህ?»

«ሦስቴ።»

«ጣፈጠህ?»

ሳያስበው ከንፈሩን ላሰ። ይህ ከብርጭቆው የበለጠ አንገበገበኝ።

ለቁርስ ስንቀርብ አፌን ከፈትኩለት። «እኔንም አጉርሰኝ። በእጅህ!»

ከፍርፍሩ ጠቅለል አደረገ። እጁ ከንፈሬ ጋ ሊደርስ ሲል ቆመ።

«ጥርስሽ እኮ…» አለና ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሶ ሹካ አነሳ።