ግንባሩ ላይ ቲዝዴል የሚል ጊታር

ሴት ልጁ ጊታሩን ተሸክማ ሱቁ ስትገባ፣ ጊታር ሠሪው መጀመሪያ ያየው የጊታሩ ግንባር ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈውን የተፎካካሪውን ስም ነበር፤ ቲዝዴል። በአሜሪካዋ የሙዚቃ ከተማ በናሽቪል፣ እንደ ጠረጴዛ በእግሮቹ የሚቆመውን ባለመርገጫ የብረት ጊታር የሚሠራ ሌላ ሰው፣ የገዛ አባቷ እንኳ፣ የጠፋ ይመስል!

«አባዬ፣ መርገጫው ከበደኝ። ማታ መድረክ አለብኝ፤ እስቲ እየው።»

«ምነው፣ ሠሪው እጁን ቁርጥማት ያዘው?»

«ቲዝዴልማ ‹ካባትሽ የተሻለ የሚያስተካክል የለም› ብሎ ነው የላከኝ።»

ሙገሳው ይብሱን አንገበገበው። ጊታሩን በእግሮቹ አቁሞ ሥሩ በጀርባው ተንጋሎ ባትሪ አበራ። እንከን ፈለገ፤ አጣ። ዘንጎቹ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። መርገጫውን ዘይት ቀብቶ አላላው። ከዚያ ልጁ ሳታይ፣ ክሩን የሚስበውን ዘንግ የምትይዘዋን ትንሽ ዳዶ ግማሽ ዙር ፈታት። አሁን መርገጫው ሲረገጥ ድምፁ ትንሽ ጎድሎ ከቦታው ሳይደርስ ይቀራል። ይዋረድ፣ ቲዝዴል!

«በይ ሞክሪው» አላት።

ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠችና ረገጠች። ድምፁ ጥርት ብሎ ቦታው ደረሰ። ደነገጠ። ደግማ ስትረግጥ ግን ግራ እጇን አየ፤ ክሮቹ ላይ የምታንሸራትተውን ብረት በጥቂቱ ወደፊት ትገፋው ነበር።

«እጅሽ ምን እያደረገ ነው?»

ዝቅ ብላ እጇን አየችና ሳቀች።

«ውይ፣ ልማድ ሆኖብኝ! ድምፁ ሲጎድል እጄ ሳላዘው ይሞላዋል። ባንተ ጊታሮች አይደል ያደግኩት፣ አባዬ?»