መርዶ በባዶ ሆድ

የሰፈሩን መርዶ የሚያረዱት ጋሽ ተካልኝ ናቸው። ሐዘንተኛ በባዶ ሆዱ ማልቀስ የለበትም ባይ ስለሆኑ፣ በማለዳ በር አንኳኩተው ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ቁርስ በላችሁ?» ብለው ነው። ሰፈሩ ይህን ስለሚያውቅ መልሱ ሁልጊዜ እሪታ ነው።

ዛሬ የፕሮስቴት ካንሰራቸውን የምርመራ ውጤት ሊሰሙ ሆስፒታል መጡ። ወጣቷ ሐኪም ባለፈው ጊዜ አስረድታቸዋለች። ሴል ጊዜው ሲደርስ «በቃህ፣ ሙት» የሚሉት ፕሮቲኖች አሉ፤ የካንሰር ሴል ግን አልሰማም ይላል። መድኃኒቱ እነዚያን ፕሮቲኖች እንዲቀሰቅስ ነው የታዘዘላቸው።

ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ቀና አለች።

«ጋሽ ተካልኝ፣ ቁርስ በልተዋል?»

ሽማግሌው የወንበሩን ክንድ ጨብጠው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«በገዛ ሙያዬ ትመጪብኝ ልጄ? አልበላሁም! ካልበላሁ ደግሞ መናገር ክልክል ነው!»

«ኧረ ጋሼ! መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ስለሚዋጥ ነው የጠየቅሁት። ውጤቱማ ጥሩ ነው። ፕሮቲኖቹ ነግረዋቸው ሴሎቹ መሞት ጀምረዋል።»

ጋሽ ተካልኝ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ጥቂት አሰቡና ፊታቸው ቅጭም አለ።

«ምነው፣ ቁርስ እንኳ ሳያበሏቸው?»