የገና ልብስ ለልጁ

የገና ሰሞን ቅዳሜ ጠዋት አቶ ይሻው ጢማቸውን ተላጭተው፣ የታጠበ ጋቢያቸውን ደርበው ልጃቸውን ብርነሽን ጠሯት።

«ነይ እስቲ ደብረ ታቦር ደርሰን እንምጣ። ለልጁ የበዓል ልብስ አልገዛሁለትም።»

ብርነሽ ጫማዋን ልታጠልቅ ጎንበስ ስትል ወገቧ ተያዘባት። የትኛው ልጅ ብላ ግን አልጠየቀችም። ከመጣች ጀምሮ ስለዚህ ልጅ ሲያነሱ ዝም ብላ መስማትን መርጣለች።

ከቤሩት ያስመጣት የጎረቤታቸው የእትዬ ሙላቴ ስልክ ነበር። «አባትሽ መዘንጋት ጀምረዋል መሰለኝ» አሏት። «ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ብድግ ብለው ይሄዳሉ። ወዴት ነው ስላቸው ልጁ ዘንድ ይሉኛል። ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ምን ልጅ አላቸው? አንድ ነገር ሳይሆኑ ድረሺላቸው።»

ብርነሽ ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ያኔ የምታስታምማት መዳም አእምሮዋን የሳተች አሮጊት ነበረች። የሞቱ እህቶቿን በስም እየጠራች ምሳ ይቅረብላቸው ትላለች፤ ብርነሽም ሰው ለማይቀመጥበት ወንበር ሳህን ስትደረድር፣ መልሳ ስታነሳ ዓመታት አሳልፋለች። ከዚያች ቤት የተማረችው ነገር ቢኖር አለመከራከርን ነው። አሁን ደግሞ በገዛ አባቷ ልትጀምረው ነው።

ልጁ ማን እንደሆነም ገብቷታል። እናቷ በሕይወት ሳለች አንድ ቀን አጫውታታለች። ከብርነሽ በፊት ፋሲል የሚባል ልጅ ወልደው ነበር። አንድ ዓመት እንደሞላው ኩፍኝ ያዘው፤ ደብረ ታቦር ወስደው ሲያሳክሙት ሞተባቸው፤ እዚያው ቀበሩት። አባቷ ከዚያ ወዲህ ስሙን አንስተው አያውቁም።

ከሚኖሩባት ከክምር ድንጋይ በሚኒባስ ሲወርዱ የጉና ብርድ በማይዘጋው መስኮት እየገባ ፊታቸውን ይገርፋቸው ነበር። ሽማግሌው መንገዱ ሲጋመስ ወደ ልጃቸው ዘንበል ብለው፣

«ብርነሽ» አሉ።

«አቤት አባዬ።»

«አንቺ ሳትኖሪ... ይህ ልጅ...»

«አውቃለሁ አባዬ። አይጨነቁ።»

አቶ ይሻው ዞረው አዩዋት። «ታውቂያለሽ? ማን ነገረሽ?»

«እማዬ ነገረችኝ።»

 ሽማግሌው ትኩሳት እንዳለባት ሰው ግንባሯን በመዳፋቸው ዳሰሷት። «እናትሽ ከሞተች እኮ ቆየች፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ» አለች ብርነሽ። ይህንንስ አልረሱትም ብላ ጭንቅላቷን ወንበሩ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ባሕር ዳር ውስጥ የምስራች የምትባል ጓደኛዋ አብረው የልብስ ስፌት የሚከፍቱበት ቤት አግኝታ ትጠብቃታለች። አባቴን ትቼ አልመጣም ማለት ነበረባት፤ እስካሁን ግን አልደወለችላትም።

ገበያው በበግና በዶሮ ተጨናንቋል። አቶ ይሻው ግን የለመደ ሰው አረማመድ እየተራመዱ በቀጥታ ልብስ ተራ ገቡ። መንገድ ላይ አንዱ የፕላስቲክ መኪና ዘረጋላቸው። አገላብጠው አዩና መለሱለት።

«ጎማው ይነቀላል። ያገኘውን ሁሉ አፉ ነው የሚከተው።»

ሕይወት የምትባለው የሕፃናት ልብስ ነጋዴ ገና ከሩቅ ስታያቸው ወንበር ሳበችላቸው። «ልጁ ደህና ነው? ጥርስ አወጣ?»

«ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት።»

ብርነሽ ነጋዴዋን በዓይኗ አመሰገነቻት። እዚህም ሰዉ አለመከራከርን ለምዶላቸዋል።

ሽማግሌው ከኪሳቸው በልክ የተቆረጠች ሰንበሌጥ አወጡና በአንዲት ትንሽ ጫማ ውስጥ አጋደሙ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰፋ ያለ ስጪኝ። አሁን ቆሞ መሄድ ጀምሯል።» ጫማው ከተገኘ በኋላ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሹራቡን አንቺ ምረጪለት። ካንቺ እጅ ቢሆን ደስ ይለኛል።»

ብርነሽ ከክምሩ ውስጥ ኮፍያ ያለው ሰማያዊ ሹራብ መዘዘች። እጅጌው ከእሷ መዳፍ አይረዝምም። ላላየችው ወንድሟ፣ ለማይለብሰው ሕፃን ስፌቱን ገልብጣ ስታይ፣ ቁልፉ ጠበቅ ማለቱን ስትፈትሽ ለራሷም ታወቃት።  «ይኼ ይሞቀዋል» አለች።

«ይሞቀዋል» አሉ አቶ ይሻው፣ ፊታቸው በርቶ።

ከገበያው ወጥተው የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ ሲይዙ ብርነሽ መቃብሩ ዘንድ እንደሚሄዱ ተረዳች። ልብሱን ድንጋዩ ላይ ሲያስቀምጡ ምን እንደምትል አሰበች። ምንም ላለማለት ወሰነች። እንዲያው ድካሙ ከወገቧ ወደ ልቧ የወጣ መሰላት።

አባቷ ግን በሩን ተሳልመው አለፉ። ከአጥሩ ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ታጠፉ።

«አባዬ፣ መንገዱ በዚህ አይደለም» አለች፤ የዛሬውን ቀን ሁሉ ችላ፣ ይህን ብቻ መቻል አቃታት።

«በዚህ ነው» አሉ። አንድ የቆርቆሮ በር አንኳኩ።

ብርነሽ ፈጠን ብላ ክንዳቸውን ያዘች። ለሚከፍተው ሰው የምትለውን በልቧ አዘጋጀች፤ ይቅርታ፣ አባቴ ትንሽ ይዘነጋሉ፣ ቤት ተሳስተው ነው።

በሩን የከፈተችው በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። እጇ ዱቄት ነክቷል። መጀመሪያ ሽማግሌውን፣ ቀጥላ ብርነሽን አየች፤ ፊቷ ቀላ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ከዚያ ወደ ጓዳው ዞራ ተጣራች።

«ካሳሁን፣ ና፤ እህትህ መጣችልህ።»