የአባባ ድርሻ

ደብረ ብርሃን እንዲህ መቀዝቀዝ ከጀመረች ወዲህ በኪራይ ቤቶች ሙቀት የሚታደለው በራሽን ነው። አከራይዋ ወይዘሮ አስካለ ያስገጠሙት አዲስ መቆጣጠሪያ የተፈቀደውን ሙቀት በቤቱ ውስጥ ለሚተነፍሱት እኩል ያካፍላል፤ ሰው የሌለበትን ክፍል አያሞቅም።

ትርንጎ ለታመሙት አባቷ ብርድ ልብስ ደረበችላቸው።

«አባባ፣ በረደዎት?»

«እኔስ ደህና ነኝ። ማድ ቤት የምትንቀጠቀጪው አንቺ ነሽ። ከእኔ ቀንሶ ለአንቺ ቢሰጥሽ ምናለ?»

«ኧረ እንደሱ አይበሉ!» ብላ አጥሚት ልታሞቅላቸው ወጣች።

አጥሚቱን እያማሰለች ሳለ ማድ ቤቱ ሞቅ አለ። የደነዘዙ ጣቶቿ ተፍታቱ። «እፎይ፣ ተመስገን» ብላ ጋቢዋን አወለቀች። ወዲያው ሙቀቱ ከማን ድርሻ እንደመጣ ገባትና ማማሰያውን ጥላ ሮጠች።

የአባቷ ክፍል መቀዝቀዝ ጀምሯል። አልጋው ላይ ወጥታ አቀፈቻቸው፤ ትንፋሻቸው ቆሟል። መቆጣጠሪያው የእሷን ትንፋሽ አግኝቶ ክፍሉን ማሞቅ ጀመረ።

«አሁን ምን ያደርግልኛል!» ብላ ግድግዳው ላይ ባለው መቆጣጠሪያ ላይ ጮኸች።

ሙቀቱ ግን የሁለት ሰው ሆኖ መጣላት።